መነጽር የማይደርስበት ብዥታ

ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ከብራና የሚያነብ ሰው ሁለት ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ያነባል። ከታች የግእዙ ቃል አለ። ከላዩ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ የዜማው ምልክት ተጽፏል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከነጥብ፣ ከቅስትና ከሰረዝ የተሠሩ ናቸው። በአጠገባቸው ደግሞ ሥረይ የሚባሉት፣ ከዜማው ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ ደቃቅ ፊደላት ይሰለፋሉ። አንዲት ነጥብ ብትጠፋ፣ አንዲት ቅስት ብትደበዝዝ ዜማው ሌላ ይሆናል። ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የዚህ መጽሐፍ ማስመስከሪያ ናት። ከሲማዳ፣ ከእስቴም ሆነ ከሩቅ አገር ድጓ ዘልቆ የመጣ ተማሪ መምህር ለመባል እዚህ ይፈተናል። ብዙው ተማሪ የሚማርበትን ድጓ በገዛ እጁ ይጽፍ እንደነበረም የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህ አካባቢ ለዘመናት ከሰው ዓይን ጥሩ የቅርብ ዕይታ ሲጠይቅ የኖረ ነው።

በአንጻሩ ጋይንት ያለችበት ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች ይመደባል። ደቃቅ ንባብ የሚፈልግ ትምህርትና የዓይንን የፊት ገጽ የሚያቆስል በሽታ አንድ አገር ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄም እዚህ ላይ ይወድቃል፦ አጥርቶ ማየት የተሳነው፣ መነጽር ያስፈልገዋል የተባለ ሰው ኮርኒያ ምን ያህል የተስተካከለ ነው? ጉድለቱስ መነጽር የሚያቃናው ነው ወይስ የማያቃናው?

ኮርኒያ የሚባለው ከዓይን ጥቁር ክፍል ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ የዓይን ባንክ ማስታወቂያዎች “የዓይን ብሌን” የሚሉት እሱን ነው። የአግድም ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ መሐሉ ላይ ያለው ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የደም ሥር የለውም። ዓይን ብርሃንን አጥፎ ከኋላው ባለው ሬቲና ላይ ለማሳረፍ 60 ዳዮፕተር ያህል ኃይል ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ውስጥ 43 ገደማው የኮርኒያ ድርሻ ነው፤ የቀረውን ውስጥ ያለው ሌንስ ይሞላል። ኮርኒያ ይህን ያህል የሚሸከመው ብርሃን ከአየር ወጥቶ እርጥብ አካል ውስጥ የሚገባበት በር ስለሆነ ነው። በዚህ በር ላይ ያለች፣ ከራስ ፀጉር ውፍረት ሃምሳ ጊዜ የምታንስ ጉብታ እንኳ የብርሃኑን ሞገድ ታዛንፋለች። ከሌንሱ ጀርባ ያለ ተመሳሳይ ጉብታ ግን እምብዛም አይታወቅም፤ ሌንሱም በዙሪያው ያለውም እርጥብ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው።

የኮርኒያ ቅርጽ የኳስ ቁራጭ አይደለም። መሐሉ ላይ የበለጠ የጎበጠ፣ ወደ ጠርዙ እየተዘረጋ የሚሄድ፣ የእንቁላልን ሾጣጣ ጫፍ የሚመስል ነው። ይህ ቅርጽ ጠርዝ ላይ የሚገባው ብርሃን ከመሐሉ ቀድሞ እንዳይሰባሰብ ይረዳል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደርስለትም። በጤነኛ ኮርኒያ ላይም ስፌሪካል አበሬሽን የሚባለው ዝንፈት ይተርፋል። በወጣትነት ዕድሜ ይህን ትርፍ ውስጠኛው ሌንስ በተቃራኒ ዝንፈቱ ያጣፋዋል። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሱ ይለወጥና ማጣፋቱ ይቀራል። ሽማግሌ የኔታ መብራት ሲያይ ዙሪያው የሚበተንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የዓይን ሞራ ደግሞ ሌላው።

የዓይን ሊቃውንት የዓይንን ዝንፈት በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው መደብ መነጽር የሚያርመው ነው፦ የርቀት ዕይታ ችግር የሚያስከትለው ማዮፒያ፣ ተቃራኒው ሃይፐሮፒያ፣ ከዚያም ኮርኒያው በአንድ አቅጣጫ ከሌላው የበለጠ ሲጎብጥ የሚመጣው አስቲግማቲዝም። ሁለተኛው መደብ ረቂቅ ዝንፈት ነው፤ ኮማ፣ ትሬፎይልና ስፌሪካል አበሬሽን ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ኮማ ያለበት ዓይን ነጥብ ብርሃንን ጭራ ያለው አድርጎ ያያል። እነዚህን መነጽር ቤት ያለው ክብ ሌንስም ሆነ አስቲግማቲዝምን የሚያርመው ሲሊንደር አያርማቸውም። ደግነቱ በጤነኛ ዓይን ከጠቅላላው ዝንፈት እጅግ የሚበዛው የመጀመሪያው መደብ ነው።

የአስቲግማቲዝም ታሪክ በሁለት እንግሊዛውያን ይጀምራል። ቶማስ ያንግ በ1801 እ.ኤ.አ. የራሱን ዓይን ለክቶ ጉድለቱን አገኘው፤ በእሱ ዓይን ግን ምንጩ ኮርኒያው ሳይሆን ሌንሱ ነበር። ጆርጅ ኤሪ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1825 የግራ ዓይኑ ነጥብን እንደ መስመር እንደሚያይ አስተውሎ የመጀመሪያውን የሲሊንደር መነጽር አሠራ። ኔዘርላንዳዊው ዶንደርስ በ1864 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን በሥርዓት አስቀመጠው፤ አብዛኛው አስቲግማቲዝም ከኮርኒያ እንደሚመጣም ታወቀ። በ1880 አካባቢ ፖርቱጋላዊው ፕላሲዶ ጥቁርና ነጭ ክቦች የተሳሉበት፣ መሐሉ የተበሳ ሰሌዳ ይዞ መጣ። ሰሌዳው ዓይን ፊት ሲያዝ ክቦቹ ኮርኒያው ላይ እንደ መስተዋት ይታያሉ፤ ኮርኒያው የተዛባ ከሆነ ክቦቹም ይጣመማሉ። ዛሬ በውድ ከሚሸጡት የኮርኒያ ካርታ ማሽኖች ብዙዎቹም ይህንኑ ክብ በኮምፒውተር የሚያነቡ ናቸው።

የተመራማሪዎች ክርክር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የዕይታ ችግር ያለበት ሰው ኮርኒያ ከጤነኛው ሰው ኮርኒያ የበለጠ ረቂቅ ዝንፈት አለበት? ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሃርትማን ሻክ የተባለው ዝንፈት የሚለካ መሣሪያ ለሰው ዓይን መዋል ሲጀምር መልሱ በቶሎ የሚገኝ መስሎ ነበር። አልተገኘም። አንዳንዶች ማዮፒያ ያለባቸው ዓይኖች የበለጠ ዝንፈት አላቸው አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ኢንዲያና የወጣው፣ 200 ዓይኖች የተለኩበት ሥራ ግን ግንኙነት አላገኘም። በ2004 ስፔናውያን ተመራማሪዎች እንዲያውም ሃይፐሮፒያ ያለባቸው ዓይኖች ከማዮፒያዎቹ የበለጠ ስፌሪካል አበሬሽን እንዳላቸው አሳዩ። እኔ ይህን ክርክር ሳነብ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፦ በአንድ መደብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በመደቦቹ መካከል ካለው ልዩነት ይሰፋል። ዝንፈቱን አይቶ ሰውየው ማዮፒያ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ መፍረድ አይቻልም።

የማዮፒያ ዋናው ተጠያቂ የዓይን ርዝመት ነው። ዓይን 1 ሚሊ ሜትር ከመጠኑ ሲረዝም ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር የሚደርስ ማዮፒያ ይመጣል። ጤነኛ ዓይን ላይ ርዝመቱ ለኮርኒያው የጉብታ ራዲየስ ሲካፈል ወደ 3 የሚጠጋ ቁጥር ይወጣል፤ በማዮፒያ ይህ ቁጥር ከ3 ያልፋል። ኮርኒያው እንደነበረ ነው፤ ያመለጠው የኋላው ክፍል ነው።

ማዮፒያ ከቅርብ ንባብ ጋር ስለሚያያዝ ለቤተ ልሔም ተማሪ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በእስራኤል የተሠራ ጥናት መጽሐፍ ላይ ተደፍተው በሚውሉ የሃይማኖት ተማሪ ወንዶች ላይ 81.3 በመቶ ማዮፒያ ሲያገኝ፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት ወንዶች ላይ ያገኘው 27.4 በመቶ ነበር። ይህን ያየ ሰው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ይፈራ ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም። የአብነት ተማሪ ቀኑን የሚያሳልፈው ከጎጆው ውጭ፣ በዛፍ ጥላ፣ በቅጥሩ ግድግዳ ሥር፣ ለልመናም በየመንደሩ ነው፤ ንባቡም ከዜማውና ከቃሉ ጋር ይፈራረቃል። በቻይና ጓንግዡ ለሦስት ዓመት ልጆችን በቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ከቤት ውጭ ያዋለ ሙከራ፣ ማዮፒያ የጀመራቸውን ልጆች ከ39.5 ወደ 30.4 በመቶ ዝቅ አድርጓል፤ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። በጎንደር ከተማ ተማሪ ቤቶች የተደረገ ጥናት ከአሥር ልጆች በአንዱ ገደማ ላይ የዕይታ ችግር አግኝቷል፤ ከእስያ ከተሞች ቁጥር ጋር ሲተያይ ይህ በጣም ያነሰ ነው።

በቤተ ልሔም የኮርኒያን ዝንፈት የሚያወጣው ማታው ነው። የዓይን ቀዳዳ በብርሃን ይጠባል፣ በጨለማ ይሰፋል። ቀዳዳው ከ3 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የማዮፒያ ዝንፈት አራት እጥፍ፣ ኮማ ስምንት እጥፍ፣ ስፌሪካል አበሬሽን ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። ቀን ላይ ጠባብ ቀዳዳ የሸፈነው የኮርኒያ ጉድለት በኩራዝ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። በአብነት ትምህርት ቤት ቀኑ ለመጽሐፍ፣ ሌሊቱ ለቃል ጥናት መመደቡ ምክንያቱ የዘይትና የሻማ እጥረት ይሁን ሌላ፣ ለዓይን የሚስማማ ሥርዓት ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ታች እያዩ ሲያነቡ የዐይን ቆብ ጠርዝ ኮርኒያውን እየተጫነ አግድም የሆነ ስስ መስመር እንደሚያወጣበት አሳየ። መስመሩ ከንባብ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የወጣ ሥራ ይህ ለውጥ ማዮፒያ ባለባቸው ላይ እንደሚብስ ጠቁሟል። ረጅም ጊዜ አንብቦ ቀና ያለ ሰው የሩቁ ነገር ለጥቂት ጊዜ ተደራርቦ ቢታየው የዚህ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ አያስደነግጥም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጤነኛ ኮርኒያ ነው፤ የዓለም መጽሔቶችም የሚጽፉት በአብዛኛው ስለ እሱ ነው። የእነሱ ግብ በሌዘር የሚታረምን ዓይን የበለጠ ማጥራት ነው። ወደ ጋይንትና ሲማዳ ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። እዚህ ኮርኒያን የሚያዛንፈው ጠባሳ ነው።

ትራኮማ፣ በአማርኛ የዓይን ማዝ የሚባለው፣ ልጅነት ላይ ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛውን የዐይን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሰዋል። ጠባሳው ሲሸበሸብ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያ ላይ ይዞራል። ሰው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ይፈትገዋል። በገጠር ብዙ እናቶች ወረንጦ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚሄዱት ለዚህ ነው፤ ፀጉሩን ነቅለው ለጥቂት ሳምንታት ያርፋሉ፣ ሲበቅል አጥሮና ጠንክሮ ይመለሳል። በዚህ መካከል የኮርኒያው የላይኛው ክፍል ቀስ በቀስ ደም ሥር ያወጣል፣ ይደምናል፣ ይጎደጉዳል። ገና ወደ መሐሉ ያልደረሰ ጠባሳ እንኳ ዙሪያውን እየሳበ የቀረውን ጥርት ያለ ክፍል ያዛባዋል። ይህ ያልተስተካከለ አስቲግማቲዝም ይባላል፤ ሲሊንደር አያርመውም፣ ምክንያቱም ጉብታው ሁለት አቅጣጫ ብቻ የለውም።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው የዕይታ መቀነስ ያለበት መሆኑን አስታወቀ። ለዓይነ ስውርነት ሞራ 49.9 በመቶ፣ በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ሌላ የኮርኒያ ጠባሳ 7.8 በመቶ፣ በመነጽር ሊታረም የሚችል የዕይታ ችግር ደግሞ 7.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ለዕይታ መቀነስ ከሆነ የመነጽር ችግር ድርሻው ከሦስት አንድ ያህል ነበር። ይህ ጥናት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ትልቅ ሥራ ነው። ግን የአመዳደቡን ሥርዓት ልብ ይሏል፦ አንድ ሰው የሚቆጠረው በአንድ ዓምድ ነው፤ ወይ በጠባሳ ወይ በመነጽር። ጠባሳው ቀለል ያለ፣ ማዮፒያው መካከለኛ የሆነ፣ መነጽር ግማሽ መንገድ ብቻ የሚያደርሰው ሰው የት ይግባ? ለእሱ ዓምድ የለም። በእኔ አስተያየት በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የኮርኒያ ዝንፈት ጥያቄ በሙሉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ያለው።

ትራኮማ ብቻውንም አይደለም። የደጋው ፀሐይ ጠንካራ ነው፤ የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ስሟ እንደሚያመለክተው ንፋሱም አቧራውም አይቀርም። ከአፍንጫ በኩል በዓይን ነጭ ላይ የሚያድገው ሥጋ ወደ ኮርኒያው ሲገባ አግድሙን ያላላዋል፤ የዚህ ውጤት አስቲግማቲዝም ነው። ሥጋው በቀዶ ሕክምና ቢነሣም አንዳንዴ የአስቲግማቲዝሙ ከፊል ይተርፋል። ሦስተኛው ጣጣ በአለርጂ የሚያሳክክ የልጆች ዓይን ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ይፈትጋል። ይህ ፍትጊያ ኬራቶኮነስ ከሚባለው በሽታ ጋር በብዙ ጥናት ተያይዟል፤ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊትና ወደ ታች እንደ ኮን ይሾላል፣ ኮማውም ከጤነኛው ዓይን ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ይህ በሽታ በአሜሪካ ከ2000 ሰው አንድ ያህል ላይ ነው ሲባል ኖሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በሪያድ ለሌላ ጉዳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ ከ6 እስከ 21 ዓመት የሆኑ ልጆችና ወጣቶች በዘመናዊ ማሽን ሲታዩ ግን 4.79 በመቶው ተገኘባቸው። ሲፈለግ የሚገኝ በሽታ ነው። መነጽሩ በየስድስት ወሩ የሚለወጥበት፣ ሲሊንደሩ የሚያድግበት ወጣት ካለ በመጀመሪያ መታሰብ ያለበት ኬራቶኮነስ ነው።

እንግዲህ የተዛባውን ኮርኒያ ማን ያግኘው? የኮርኒያ ካርታ ማሽን በወረዳ ደረጃ አይታሰብም። ደስ የሚለው ግን ማሽኑ ባይኖርም ብልሃቱ መኖሩ ነው። ከዓይን ገበታው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው አንድ ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀዳዳ ሲያይ የዝንፈቱ አብዛኛው ይጠፋል፤ ቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ የሚገባውን የተዛባ ብርሃን ትከለክላለች። በቀዳዳዋ ካልተሻለ ችግሩ ወይ ኮርኒያው ደምኗል፣ ወይ ሞራ ወይም ሬቲና ነው። በቀዳዳዋ ተሽሎት ጥሩ መነጽርም እኩል ካሻለው መነጽር ይበቃዋል። በቀዳዳዋ ተሽሎት በምርጥ መነጽር ግን ያልተሻለው ሰው፣ እሱ ነው የተዛባ ኮርኒያ ያለው። ይህን ልዩነት ለመለየት የሚያስፈልገው የተበሳ ካርቶንና የመነጽር ሳጥን ብቻ ነው። በተጨማሪ ሬቲኖስኮፕ የያዘ ባለሙያ በዓይኑ ውስጥ የሚመለሰው ብርሃን ወዲያና ወዲህ እንደ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ ካየ ኬራቶኮነስን ይጠረጥራል። በአገሪቱ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት በቅድሚያ የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስመርቃቸው ባለሙያዎች ይህን ያውቃሉ፤ ችግሩ የሰዓቱ ማጠርና የሕመምተኛው መብዛት ነው።

ስለ መፍትሔዎቹ አጭር ልናገር። ተራ አስቲግማቲዝም በሲሊንደር መነጽር ይታረማል፤ በገበያ የሚሸጠው ዝግጁ መነጽር ግን ሲሊንደር ስለሌለው አይጠቅመውም። የተዛባ ኮርኒያ ላይ የሚሠራው ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ነው፤ ሌንሱና ኮርኒያው መካከል ያለው እንባ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ንጹሕ ውኃ በሩቅ በሚቀዳበት፣ አቧራ በሚበዛበት ቀዬ ግን ይህ ሌንስ የኢንፌክሽን ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በግድየለሽነት የሚሰጥ አይደለም። ኬራቶኮነስን በጊዜ ካገኙት በራይቦፍላቪንና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማጠንከር ይቻላል፤ ዘዴው በ2003 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ታትሞ የወጣ ነው። የደመነ ኮርኒያ ደግሞ ተነሥቶ በሌላ ይተካል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአገር ውስጥ ለጋሾች የሚገኝ ኮርኒያ ተስፋ ሆነ፤ እስከ ዛሬ ግን የሚጠብቀው ሰው ከሚለግሰው ይበዛል። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ግን ይህ ንቅለ ተከላ ለትራኮማ ጠባሳ የሚሰጠው ውጤት ደካማ መሆኑ ነው፤ የቆቡ መታጠፍና የዓይኑ መድረቅ ካልተስተካከለ አዲሱም ኮርኒያ ይቆስላል። ስለዚህ ትልቁ የኮርኒያ ሕክምና የቆብ ቀዶ ሕክምና፣ የዚትሮማክስ መድኃኒት እደላና የፊት መታጠብ ነው። ይህን የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለብ ጋር ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል፤ የኮርኒያን ዝንፈት በቁጥር ከማንኛውም ሌዘር የበለጠ የቀነሰው ይህ ዘመቻ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ለጤና ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። ቤተ ልሔም ለምስክር የሚመጡ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ የሚገኙ ናቸው፤ ከየአካባቢው ተሰብስበው ይመጣሉ፣ የዜማ ምልክት በደንብ የሚያነቡትና የማያነቡትም ከንባባቸው ይለያሉ። ከደብረ ታቦር ወይም ከንፋስ መውጫ የሚነሣ ቡድን ገበታ፣ የመነጽር ሳጥን፣ ሬቲኖስኮፕና ያቺን የተበሳች ካርቶን ይዞ ሄዶ ቀዳዳዋ ያሻለችውን መነጽር ያላሻለውን ተማሪ በዝርዝር ቢመዘግብ፣ ዓምድ ያልተሰጠውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እናውቀዋለን። ለወላጅም እንዲሁ፦ ዓይኑን ዘወትር የሚፈትግ ልጅ ካለ እጁን ከዓይኑ አርቁት፣ መነጽር ብቻ ገዝታችሁ አትተዉት፤ በቀዳዳ ሲያይ የተሻለው ከመሰላችሁ ወደ ሐኪም ቶሎ አድርሱት።